የጻፋችሁትን የሥራ መመሪያ ራሳችሁ እንዴት ታርማላችሁ?

ከቃሊቲ እስከ ገላን፣ ከቦሌ ለሚ እስከ ቂሊንጦ ባሉ ፋብሪካዎች የሥራ መመሪያ የሚጽፉ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። «ጽፌ ጨርሻለሁ፣ የሚያርምልኝ ሰው ግን የለም። ራሴ እንዴት ላርመው?» እውነት ነው፣ ብዙ ፋብሪካ ውስጥ አርታኢ የሚባል ሰው የለም። የማሽኑን ማንዋል፣ የጽዳት መመሪያውን፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ የሚጽፈው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራ ደርቦ የያዘ ነው። ስለዚህ መልሱን አንድ ቦታ ላይ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዙልኝ። የራስን ጽሑፍ ማረም የሚከብደው ነገሩን ስለምታውቁት ነው። ወረቀቱ ላይ የጎደለውን ጭንቅላታችሁ ይሞላዋል፣ ዓይናችሁም ያልተጻፈውን እንደተጻፈ ቆጥሮ ያልፈዋል። ማሽኑ አጠገብ የቆመው ኦፕሬተር ግን ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የምታውቁትን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጋችሁ ወረቀቱን ብቻ እንድታዩ የሚያግዙ ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ

- የጽሑፉ ፕሪንት፣ በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ፣ መስመሩ ሰፋ ተደርጎ
- ቀይ እና ሰማያዊ እስክሪብቶ (ቀዩ ለስህተት፣ ሰማያዊው ለጥያቄ)
- ማስመሪያ ወይም መስመር የሚሸፍን ነጭ ወረቀት
- የአምራቹ ዋና ማንዋል
- ማሽኑ ራሱ፣ እሱ ካልተቻለ በቅርቡ የተነሳ ፎቶው
- በዚያ ማሽን ላይ አዲስ የሆነ አንድ ሠራተኛ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል
- ስልክ

ማስጠንቀቂያ

አንድ ኮፒ ብቻ ያለው ፋይል ላይ አታርሙ። መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋው የእናንተ እርማት ብቻ አይደለም፣ አንዳንዴ ፋይሉ ራሱ ይበላሻል።

ቁጥርን ከጭንቅላታችሁ አታስተካክሉ። ግፊት፣ ሙቀት፣ መጠን፣ ሰዓት፣ ምንም ይሁን ምን ከአምራቹ ማንዋል ወይም ከኢንጂነሩ ማረጋገጫ ሳታገኙ አትንኩት።

የደኅንነት ኃላፊው ከፈረመ በኋላ አንዲት ቃልም ብትሆን ሳታሳውቁ አትቀይሩ። እርማታችሁ ፊርማውን አይተካም።

ደረጃ 1፦ ኮፒ አድርጉና አሳድሩት

ፋይሉን ኮፒ አድርጉ፣ ስሙ ላይ የቨርዥን ቁጥርና ቀን ጻፉበት። «የመጨረሻ» እና «የመጨረሻ አዲሱ» የሚሉ ስሞችን ተዉአቸው፤ ከሳምንት በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም። ከዚያ ዝጉትና እስከ ነገ ተዉት። እንደጨረሳችሁ ወዲያው ብታነቡት ያሰባችሁትን እንጂ የጻፋችሁትን አታዩም። አንድ ሌሊት ካልተገኘ ቢያንስ ምሳ በልታችሁ ተመለሱ።

ደረጃ 2፦ መልኩን ቀይሩት

በጻፋችሁበት ስክሪን ላይ አታርሙ። ዓይን ገጹን ለምዶታል። ፕሪንት አድርጉት፣ ወይም ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ ስልካችሁ ላይ ክፈቱት። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ በሰርቪስ የምትመላለሱ ከሆነ ያ የመንገድ ሰዓት ለመጀመሪያው ንባብ በቂ ነው፤ ስልክ ላይ ገጹ በሌላ መልክ ስለሚታይ ስክሪን ላይ ያመለጣችሁ ድግግሞሽ ብቅ ይላል። የወረቀቱን እርማት ደግሞ መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት አቆዩት።

በዚህ ንባብ ምንም አታስተካክሉ። ምልክት ብቻ አድርጉ። እያስተካከላችሁ ካነበባችሁ አንዱን ዓረፍተ ነገር ስታሳምሩ ሙሉው ቅደም ተከተል ከእጃችሁ ይወጣል።

ደረጃ 3፦ አንባቢውን በአንድ መስመር ጻፉት

ከገጹ አናት ላይ በእስክሪብቶ ማን እንደሚያነበው ጻፉ። ለምሳሌ፦ «የማታ ፈረቃ ኦፕሬተር፣ ማሽኑን ከሁለት ሳምንት በፊት የጀመረች፣ አፏን የፈታችው በአፋን ኦሮሞ»። በከተማዋ ዳር ባሉ ፋብሪካዎች አማርኛን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው አድርጎ የሚያነብ ሠራተኛ ብዙ ነው። ይህቺን መስመር እያያችሁ እሷ የማትሠራበትን አንቀጽ ሁሉ በቀይ ሰርዙ። ማሽኑ የት እንደተሠራ፣ ለፋብሪካው ያለው ጥቅም፣ «እንደሚታወቀው» ብሎ የሚጀምር መግቢያ፣ ሁሉም ይውጣ።

ደረጃ 4፦ ማሽኑ ጋ ሂዱ

ወረቀቱን ይዛችሁ ማሽኑ አጠገብ ቁሙ። ማሽኑ ቆሞ፣ ኃላፊው አውቆ ይሁን። እያንዳንዱን ደረጃ ስታነቡ የተጠቀሰውን ዕቃ በጣታችሁ አሳዩ። «የግራ በር» ብላችሁ ከሆነ በየት በኩል ለቆመ ሰው ነው ግራው? «አረንጓዴው መብራት» ካላችሁ አሁንም አረንጓዴ ነው ወይስ ሲቃጠል በሌላ ቀለም ተተክቷል? ቢሮ ተቀምጦ የተጻፈ መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም የአምራቹ ማንዋል የሚያሳየው ከፋብሪካ የወጣውን ማሽን እንጂ ጥገና ሲነካካው የኖረውን የእናንተን ማሽን አይደለም።

ደረጃ 5፦ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ፍቱት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

አማርኛችን «አጥፍቶ፣ ከፍቶ፣ አውጥቶ፣ አጥቦ» እያለ የግማሽ ቀን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀጥላል፤ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ስንጽፈው እርዝመቱ አይታወቀንም። አንባቢው ግን በአንድ እጁ ወረቀት፣ በሌላው ዕቃ ይዟል። ዓይኑን ወደ ማሽኑ ልኮ ሲመለስ የቱ ጋ እንደነበር ይጠፋዋል።

ይህን ተመልከቱ። የአየር ኮምፕሬሰር ታንከር ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ስለማስወጣት ነው፦

«ኮምፕሬሰሩ ከጠፋ በኋላ ግፊቱ መቀነሱ ተረጋግጦ የታችኛው ቫልቭ ተከፍቶ ውሃው እንዲወርድ ተደርጎ ሲያበቃ ቫልቩ ተዘግቶ ወደ ሥራ መመለስ ይኖርበታል።»

ሲነበብ ደህና ነው። ሪፖርት ላይ ቢሆን ያልፋል። አሁን ሰማያዊውን እስክሪብቶ አንሱና ጠይቁት። የሚያጠፋው ማነው? ግፊቱ ቀነሰ የሚባለው ስንት ሲሆን ነው? የታችኛው ቫልቭ የቱ ነው? በአንዴ ይከፈት ወይስ ቀስ ተብሎ? ማብቃቱ በምን ይታወቃል? ሌላ ሰው መጥቶ ቢያስነሳውስ? አንዱም መልስ ወረቀቱ ላይ የለም። ሁሉም የጻፈው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ናቸው።

ሲፈታ እንዲህ ይሆናል፦

ማስጠንቀቂያ፦ ውሃው በግፊት ይወጣል። የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። ፊትዎን ወደ ቫልቩ አያስጠጉ።
ሀ. ኮምፕሬሰሩን ያጥፉ።
ለ. ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ይቆልፉ። የስም ካርድዎን ይለጥፉበት።
ሐ. የታንከሩ የግፊት መለኪያ ከ0.7 ባር በታች እስኪያሳይ አየሩን ያስወጡ።
መ. ከታንከሩ ሆድ ሥር ያለውን የውሃ ማስወጫ ቫልቭ ቀስ ብለው ይክፈቱ።
ሠ. ውሃው ቆሞ አየር ብቻ እስኪወጣ ይጠብቁ።
ረ. ቫልቩን ይዝጉ።
ሰ. የስም ካርዱንና መቆለፊያውን ያንሱ። ኮምፕሬሰሩን ያስነሱ።

(0.7 ባር ለምሳሌ ያስገባሁት ነው፤ የእናንተን ቁጥር ከማሽናችሁ ማንዋል ውሰዱ።)

አንድ ዓረፍተ ነገር ሰባት ደረጃና አንድ ማስጠንቀቂያ ወጣው። «በዛ» የሚል አለቃ ይኖራል። ወረቀቱ ይርዘም፣ ችግር የለውም፤ አንባቢው የሚደክመው በገጽ ብዛት ሳይሆን ያልተጻፈውን ሲገምት ነው።

ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ «ተከፍቶ»፣ «ተደርጎ»፣ «ይኖርበታል» ጠፍተው «ያጥፉ»፣ «ይክፈቱ» ገቡ። በተደራጊ ግስ የተጻፈ ሥራ የማንም ሥራ አይደለም፤ ኦፕሬተሩ የጥገናው ነው ይላል፣ ጥገናው የኦፕሬተሩ ነው ይላል። ሁለተኛ፣ «አጥፋ» ሳይሆን «ያጥፉ» ነው የተባለው። «አጥፋ» ወንድን ብቻ ነው የሚጠራው፣ የስፌት መስመር ላይ የተቀመጡት ግን አብዛኛዎቹ ሴቶች ናቸው። «ያጥፉ» ሁለቱንም ይይዛል፣ አክብሮትም አለው። አንዴ ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ፤ መሀል ላይ «አጥፋ» ብቅ ካለ ከሌላ ፋይል ተቀድቶ የገባ አንቀጽ ነው ማለት ነውና ያንን አንቀጽ ደግማችሁ መርምሩት።

ደረጃ 6፦ ማስጠንቀቂያውን ከድርጊቱ በፊት አምጡ

ሰው መመሪያ አንብቦ ጨርሶ አይሠራም፣ እያነበበ ነው የሚሠራው። «ክዳኑን ይክፈቱ። ከዚያ በፊት ግን እንፋሎቱ መውጣቱን ያረጋግጡ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ክዳኑ ተከፍቷል። ማስጠንቀቂያው ከደረጃው በላይ ይምጣ፣ ከደረጃው ጋርም አንድ ገጽ ላይ ይሁን። ፕሪንት ስታደርጉ ማስጠንቀቂያው ታች ቀርቶ ድርጊቱ ወደሚቀጥለው ገጽ አለመዝለሉን ተመልከቱ።

ድርብ አሉታም ፈልጉ። «ግፊቱ 0 ባር ካልሆነ በስተቀር ክዳኑን አይክፈቱ» የሚለውን በጩኸትና በሙቀት መሀል የሚፈታ ሰው የለም። «የግፊት መለኪያው 0 ባር ሲያሳይ ብቻ ክዳኑን ይክፈቱ» በሉት።

ደረጃ 7፦ ለቁጥር ብቻ አንድ ንባብ

በዚህ ዙር ፊደል አትዩ። ቁጥሮችን ብቻ አክብቡ፣ እያንዳንዱንም ከዋናው ማንዋል ጋር በጣታችሁ አስተያዩ። ብዙ የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው።

መለኪያ። ማንዋሉ ግፊትን በፒኤስአይ (psi) ጽፎ የእናንተ ማሽን በባር የሚያሳይ ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው፤ 100 ፒኤስአይ ወደ 6.9 ባር ይሆናል። ቁጥሩ ሳይለወጥ መለኪያው ብቻ ተለውጦ 100 ባር ተብሎ ከታተመ ሰው የሚገድል ስህተት ነው።

ነጥብና ኮማ። ከጣሊያንና ከቱርክ በመጡ ማንዋሎች ላይ 2,5 ተብሎ የተጻፈው 2.5 ነው። ኮማዋ ከጠፋች 25 ትሆናለች።

ሰዓት። «ከ8 ሰዓት በኋላ ዘይቱን ይመልከቱ» የሚለው ሦስት መንገድ ይነበባል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ፣ ማሽኑ 8 ሰዓት ከሠራ በኋላ፣ በውጭ አቆጣጠር ለሚያነብ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ። «ማሽኑ 8 ሰዓት ከሠራ በኋላ» ወይም «ከቀኑ 8 ሰዓት (የማሽኑ ስክሪን 14:00 ሲል)» ብላችሁ ቁርጡን ጻፉ።

ቀን። 12/05/2017 የሚል ወረቀት ያየ የውጭ ቴክኒሻን የቆየ ሰነድ ነው ብሎ ይጥለዋል። «ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብላችሁ አጠገቡ «ጃንዋሪ 20፣ 2025» ጨምሩ።

ድብልቅ። «1 ለ 10» አትበሉ። አንዱ ከ9 ሊትር ውሃ ጋር፣ ሌላው ከ10 ሊትር ጋር ይቀላቅለዋል። 5 ከመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና 0.5 ከመቶ እንዲሆን 1 ሊትሩ 9 ሊትር ውሃ ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ «1 ሊትር በረኪና፣ 9 ሊትር ውሃ» ተብሎ ይጻፍ። የበረኪናው ጥንካሬ ምን ያህል እንደሆነም ይጠቀስ፣ ዕቃ ግዥ ሌላ ዓይነት ያመጣ ቀን ልኬቱ ይለወጣልና።

ደረጃ 8፦ ለአንድ ዕቃ አንድ ስም

የዕቃዎቹን ስም በትንሽ ወረቀት ላይ ዘርዝሩ። ገጽ 2 ላይ «ቁልፉን ይጫኑ»፣ ገጽ 4 ላይ «በ14 ቁልፍ ይፍቱ»፣ ገጽ 5 ላይ «ቁልፉን ከበሩ ያውጡ» ካላችሁ አንባቢው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እያነበበ ነው። «ማስነሻ»፣ «የብሎን መፍቻ 14»፣ «የበር ቁልፍ» ብላችሁ ለዩአቸው። ተቃራኒውም አለ፤ አንዱን ዕቃ አንዴ ታንከር፣ አንዴ ማጠራቀሚያ፣ አንዴ ጋን አትበሉት። ትምህርት ቤት ቃል አትድገሙ ተብለናል፣ እዚህ ግን መድገም ግዴታ ነው። ከተማራችሁት ይልቅ ሠራተኛው የሚጠራውን ስም ምረጡ፤ ሁሉም ጌጅ የሚለው ከሆነ መጀመሪያ ላይ «የግፊት መለኪያ (ጌጅ)» ብላችሁ ቀጥሉ።

በኮንትሮል ኤፍ ስትፈልጉ ተጠንቀቁ። ለኮምፒውተሩ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ማጽዳት» እና «ማፅዳት»፣ «ኃይል» እና «ሃይል» ሌላ ሌላ ቃል ናቸው። አንዱን ፈልጋችሁ ሁሉን ቀየርኩ ብትሉ ግማሹ ይቀራል። አንዱን አጻጻፍ ወስኑ፣ ከዚያ ሁሉንም ዓይነት እየጻፋችሁ ፈልጉ። በአራት ነጥብ ፋንታ ሁለት ኮለን የተመታበትንም እግረ መንገዳችሁን አስተካክሉ።

ደረጃ 9፦ ከታች ወደ ላይ አንብቡ

የፊደል ግድፈት የሚታደነው አሁን ነው፣ ቀድማችሁ ብታደርጉት ኋላ ለምትሰርዙት አንቀጽ ትደክማላችሁ። ማስመሪያውን ያዙና ከመጨረሻው ደረጃ ጀምራችሁ አንድ አንድ መስመር ወደ ላይ ሂዱ። ሐሳቡ ስለሚቆራረጥ ዓይን ለመገመት ዕድል አያገኝም። የሥዕሎቹንም ቁጥር እዚሁ እዩ፤ ምስል 2 ከወጣ «ምስል 3ን ይመልከቱ» የሚለው የተሳሳተ ቦታ ይልካል።

ደረጃ 10፦ አዲሱ ሠራተኛ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ

እናንተ ስታነቡ የቱ ፊደል እንደሚጠብቅ ስለምታውቁ ትክክል ይወጣል። «ሙቀቱን ይለካል» እና «ሙቀቱ ይለካል» በፊደል ልዩነታቸው አንዲት «ን» ናት፤ እሷ ከተዘለለች መሣሪያው የሚለካ መሆኑና ሰው መለካት ያለበት መሆኑ ይምታታል። ሌላ ሰው ሲያነብ የሚደናቀፍበት፣ ተመልሶ የሚያነብበት ቦታ ሁሉ ምልክት ይደረግበት።

ቀጥሎ ማሽኑ በቆመበትና በተቆለፈበት ደረጃዎቹን በጣቱ እያሳየ ይለፍ። እናንተ አፋችሁን ዝጉ፣ እጁን ተመልከቱ። «የውሃ ማስወጫ ቫልቭ» ሲል ጣቱ ወደ አየር መውጫው ከሄደ አታርሙት፣ ወረቀቱን አርሙ። «አይ እሱ አይደለም» ብላችሁ ከነገራችሁት ለእሱ ገባው፣ ነገ ለሚመጣው ግን ምንም አልተለወጠም። ሲጨርስ «ገባህ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ይሉኝታ ይዞት ገባኝ ይላል። «ቀጥሎ ምን ታደርጋለህ?» በሉት።

ደረጃ 11፦ አትሙ፣ አሮጌውን አንሱ

ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት፣ ከዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ አንቀጽ ከቆየ ፋይል ተቀድቶ ገብቶ ከሆነ ፎንቱ በሌለበት ቦታ የላቲን ፊደል ዝርክርክ ሆኖ ይመጣል፤ እንደ አዲስ መተየብ ነው መፍትሔው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ፊደሉን አተልቁና ሁለት እርምጃ ርቃችሁ አንብቡት። ላሚኔት ከማስደረጋችሁ በፊት ፊርማው መኖሩን እዩ።

አሮጌዎቹን ወረቀቶች በሙሉ ሰብስቡ፦ ከግድግዳው፣ ከሱፐርቫይዘሩ መሳቢያ፣ ከጥገና ክፍሉ፣ በቴሌግራም ግሩፕ ከተላከውም ጭምር። አንዱ ከቀረ አንዱ ፈረቃ በአዲሱ፣ ሌላው በአሮጌው ይሠራል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሁሉንም በአንድ ንባብ ለማረም መሞከር። ቁጥር ስትፈልጉ ፊደል ያመልጣል፣ ፊደል ስትፈልጉ ቅደም ተከተል ያመልጣል።

የአምራቹን ማንዋል በትርጉም አፕ አዙሮ እንዳለ መለጠፍ። ዓረፍተ ነገሩ አማርኛ ይመስላል፣ ማሰሪያው ላይ ስትደርሱ ግን ማን ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ትርጉሙን እንደ ድራፍት ያዙትና ደረጃ 5ን በደንብ አሳልፉት።

«እንደአስፈላጊነቱ»፣ «በተገቢው መጠን»፣ «በየጊዜው» ብሎ ማለፍ። ቁጥር ወይም የሚታይ ምልክት ተኩበት። «በየጊዜው ያጽዱ» ሳይሆን «በየፈረቃው መጨረሻ ያጽዱ»።

ለማረጋገጥ ያህል ልምድ ላለው ኦፕሬተር ሰጥቶ «ደህና ነው» ሲል መርካት። እሱም እንደ እናንተ የጎደለውን ከጭንቅላቱ ይሞላዋል።

ሰዓት ከሌላችሁስ?

ኦዲት ነገ ነው፣ ወረቀቱ ዛሬ ይፈለጋል ትሉኝ ይሆናል። ያኔ ደረጃ 7ን እና ደረጃ 6ን በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፣ ከዚያ የተረፈው ሰዓት ለደረጃ 10 ይሁን። ግድፈት ያለበት ቃል ያስቀይማል እንጂ እጅ አይቆርጥም። ሌላው ሳይታረም የወጣ ከሆነ አናቱ ላይ «ጊዜያዊ» ብላችሁ የሚተካበትን ቀን ጻፉበት፣ ቀኑንም ስልካችሁ ላይ አላርም አድርጉት።